የፍልፈል ጥንቃቄ

ተናኜ፣ ካልሲሽ ደርቆልሻል፤ ከሶባው ማሞቂያ ላይ አንሺው እንዳይቃጠል። የዚህ የጁበይሃ ሰፈር ብርድ መቼም ለብቻው ነው፣ ምድር ቤት ለሆንነው ደግሞ ከሥር ነው የሚመጣው። አርብ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ሰዓት እላፊ፣ ወዴት ይወጣል? ቁጭ ብለን እንጫወት እንጂ። የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርጊው… እህታችን እቃ ስታጥብ ብቻዋን እንዳይደብራት።

ቅድም ያነበብሽልን፣ ቀበሮ እንኳ ጉድጓድ አላት የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ቀረ። አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ጉድጓድ ሁሉ አንድ ይመስልሻል አይደል? በኛ አገር ይለያያል። የአይጥ ከሆነ ጉድጓድ ነው። የቀበሮና የጅብ ሲሆን ግን ጎሬ ይባላል፤ የሚያድሩበት፣ የሚወልዱበት ነዋ። ሰው ሲገባበት ደግሞ የሌባ መደበቂያ ይሆናል። እኛ ይህን ቤት በጋራ ስንከራይ «ጎሬያችን» ያልነው ለጨዋታ ነበር፤ ከመዳም ቤት የተባረረች፣ የታመመች፣ በእረፍት ቀኗ ጋደም ማለት የፈለገች መግቢያ አትጣ ብለን። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምናድር ሌላ ምን አለን?

የፍልፈልንስ ታውቂያለሽ? አባቴ ድንች ማሳው ውስጥ ስንት ዘመን ሲያሳድደው ኖረ። ፍልፈል ብልህ ነው። ከመሬት በታች መንገዱን ይሠራል፣ ሥራሥሩን ያከማቻል፣ ኮቴ የሰማ እንደሆነ ግን የጎሬውን አፍ ከውስጥ በአፈር ድፍን ያደርገዋል። ማን ይወቅሰዋል? ነፍሱን ነው።

እንደሱ ጠንቃቃ የሆነች አንዲት እህት አውቃለሁ። ስሟ ምን ያደርግልሻል… አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው፣ ኮሮና የገባ ሰሞን። የዚህ ቤት ቁልፍ እሷ ጋ ነበር። እኛው ነን የሰጠናት። በሰዓት ስለምትሠራ ማታ ማታ አትጠፋም፣ በዚያ ላይ የጸሎት መሪያችን ናት፤ ከሷ የተሻለ ከየት ይመጣል ብለን። እውነትም ከየት ይመጣል?

እኔ ያኔ ዴር ግባር ሰፈር ተቀጥሬ ነበር። መዳሜ ደረጃውን በክሎር እጠቢ አለችኝ፣ ሽታው ጉሮሮዬ ገባና ሳልኩ። ክሎሩ ነው ብላት ማን ሰምቶ፤ ሻንጣዬ ከኔ ቀድሞ አጥሩ በር ላይ ደረሰ። ታክሲ የለ፣ አውቶቡስ የለ። በእግሬ እዚህ ስደርስ የሰዓት እላፊው ጡሩንባ ሊጮህ ጥቂት ቀርቶታል። «ዘርፌ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አልኩ። ጌታ ይባርካት፣ ሳታስጠብቀኝ መጣች… እስከ በሩ ድረስ። ከዚያ ቁልፉን አንድ ጊዜ ዞር አደረገችው። ወደ ማጥበቂያው።

ደግሞ አባረረችሽ እንዳትዪኝ። ጸለየችልኝ እኮ። በሩን በመሃላችን አድርጋ፣ በዚያ ባማረ ድምጿ፣ «ጌታ ሆይ፣ ለእህቴ መጠጊያ ሁናት» አለች። እኔም ከውጭ ሆኜ አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ጡሩንባው ሲጮህ ገና አልጨረሰችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የኛዋ ጅቡ ሳይሄድ ነው የጮኸችው፣ ይሄ ቀላል እምነት ነው? ሰው ለሰው መድኃኒቱ መሆኑንም ታውቃለች። መድኃኒቱን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ አስቀመጠችው እንጂ…

አልቅሻለሁ፣ ተናኜ። ያስለቀሰኝ ብርዱ አይደለም፤ በሩን ቀለም የቀባሁት እኔ ነበርኩ። ደግነቱ የሕንጻው ጠባቂ ጣሂር፣ ከመዝሙራችን አንዱን እንኳ የማያውቅ ግብፃዊ፣ የቦይለሩን ክፍል ለቀቀልኝና እሱ መተላለፊያው ላይ ካርቶን አንጥፎ አደረ። ስስል እንኳ አልሸሸም። ጥንቃቄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ያቺ እህት ኋላ ሽሜሳኒ ሰፈር የተሻለ ቤት አገኘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል፤ የብብቷ እኛ ነበርን፣ ብትጥለንም አልተሰበርንም። አሁን አከራይዋ አስወጥቷት፣ ሰሞኑን ሻንጣዋን ይዛ የሆነ በር አንኳኳች አሉ። ቁልፉ ዛሬ እኔን በመሰለች ሞኝ እጅ ነው። ሳልጸልይ ከፈትኩላት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ እንደሷ በጸሎት አልበረታሁም።

እንዴ… የሳህኑ ድምፅ ቆመሳ? ውሃው ቀዝቅዟት ይሆናል። ጀበናውን ተዪው ተናኜ፣ ለሷ ሻይ ቅጂላት፣ ብርድ ልብሱንም ወፍራሙን ስጫት፤ በቤታችን ማንም አይበርደው። ከዚያ በፊት ግን ያቺን ጠንቃቃ እህት እንመርቃት። አንቺም አሜን በይ፣ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ…

ጌታ የምታንኳኳው በር አያሳጣት። ባንኳኳች ጊዜ ፈጥኖ የሚመጣ ሰው ይስጣት፤ ልቡ ልክ እንደሷ ልብ የሆነ፣ ጸሎቱም እንደሷ ጸሎት የረዘመ።