ዝቅተኛ የተባለው ሸለቆ

የጫካ እሳት አጥፊዎቹ አለቃ ጋራው ላይ ድንኳኗ ደጃፍ ቆማ ካርታ ስታይ ስልኳ ጠራ። የዋናው መሥሪያ ቤት የደህንነት እቅድ ኃላፊ ነው። ተነፈሰችና አነሳችው።

— ሄሎ... አቤት፣ እኔ ነኝ... ደህና፣ እርስዎስ?... አዎ፣ እቅዱ ደርሶኛል። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ሽፋኑ ያምራል... አይ፣ አልፈረምኩም።

— ለምን?... እስቲ ገጽ ዘጠኝን ያውጡት። «ማምለጫ መንገድ፦ በምሥራቅ፣ በሐይቁ ዳር» ይላል። እዚህ ሐይቅ አለ እንዴ?... እኔም የቡድኔን ልጆች ፈልጉ ብዬ ልኬ ነበር። አንድ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ... ካለፈው ዓመት የእሳት እቅድ የተገለበጠ ነው? ጠርጥሬ ነበር።

— ልጆቹ? አሥራ አራቱም እዚሁ ጋራው ላይ ናቸው። ከሸለቆው ጠዋት አወጣኋቸው... ሳላስፈቅድ፣ አዎ... «የስጋት ደረጃ ዝቅተኛ» የሚለውንም አንብቤዋለሁ። ሣሩ ግን አላነበበውም... አልቀለድኩም። ሸለቆው መግቢያው አንድ ነው፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይዞራል። አምናም ዝቅተኛ ካላችሁት ቦታ ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ... አይ፣ «ያልተጠበቀ ክስተት» አልነበረም። እኛ ጠብቀነው ነበር።

ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ቋጥኙ ላይ ወደ ቆመው ቃኚ አንጋጠጠች። «ምን ይታይሃል?» ቃኚው መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ በእጁ አመለከታት። ጠዋት ወደ ምዕራብ ያዘመመው ጭስ ወደ ሸለቆው ዞሯል።

— ይቅርታ፣ ቃኚውን እያናገርኩ ነበር... እንግዶች? ሥራችንን ሊጎበኙ?... የት ሆነው?... ይድገሙልኝ። ሸለቆው ውስጥ? እርስዎም?

ከፊቷ ላይ ፌዙ ጠፋ።

— ስማኝ... ማዕረጉን አሁን ተወው፣ ስማኝ። ስንት ናችሁ?... ስድስት። መግቢያው ላይ ጭስ ይታይሃል?... እንግዲያው መኪናውን እርሱት። አዎ፣ አዲሱንም። እሳቱ ይቀድማችኋል። በስተግራህ ትናንት የተቃጠለ ጥቁር መሬት አለ፣ አየኸው?... ወደሱ ሩጡ። እዚያ የሚቃጠል ነገር አልቀረም... ልብስህ ይቆሽሽ። ዳገት እንዳትወጡ።

«የውሃዋን መኪና አስነሱ፤» አለች ዞር ብላ። «በተቃጠለው በኩል ብቻ። እሳቱ ሳያልፍ ማንም እንዳይወርድ።»

— ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... ሄሎ?

ሳልና የሩጫ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

— እሺ... ደረሳችሁ? ጮክ ብለህ ቁጠራቸው፣ ልስማ... አምስት። ማን ቀረ?... ፎቶ አንሺው? ቆሞ እያነሳ? ካሜራውን ቀማውና እሱን ጎትተው... አንተ ራስህ፣ አዎ። ሌላ ማን አለ?

ከጋራው ላይ ሁሉም ያያሉ። እሳቱ ሣሩን ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሲበላ አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ጭስ ተነሳ።

— ሄሎ... ስድስት? ስድስታችሁም?... እፎይ... አዎ፣ አየሁት፣ መኪናው ነው... አልቅስ፣ ምን ቸገረህ። ሁላችንም አልቅሰናል። ባላችሁበት ሁኑ፣ የውሃዋ መኪና እየመጣችላችሁ ነው።

አፍታ አዳመጠች። ቅንድቧ ቀስ ብሎ ተነሳ።

— አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ... ሪፖርቱ ላይ «አስቀድሞ የታቀደ የማምለጥ ልምምድ» ተብሎ እንዲገባ?... ገባኝ። ተመልሰው እርስዎ ሆኑ ማለት ነው... የውሃዋ መኪና ሹፌር አጠገብዎ ደርሳለች፣ ከዚህ ትታየኛለች። መጀመሪያ ለሷ ይሞክሩት። ካመነችዎት ይደውሉልኝ።

ስልኩን ዘጋችው።