ሳላነብ መስታወት ያለበስኩት ወረቀት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አንቺም ከበሩ ላይ ግቢ፣ ንፋሱ ጀርባሽን ይመታሻል። ወንበር ያልበቃችሁ እዚያ የእንጨት ሳጥኑ ላይ አረፍ በሉ፤ ችሎ ይይዛችኋል። የዛሬው ወሬዬ የሚያስደስት አይደለም። ነገር ግን ከእኔ በቀር የሚነግራችሁ የለም፤ ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነውና።

እንደምታውቁኝ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ማንበብ አያቅተኝም፤ ብቻ መነጽሬን ፈልጌ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰርግ ፎቶ፣ የሙታን ፎቶ፣ የምስክር ወረቀት በእንጨትና በመስታወት ሳለብስ ኖሬአለሁ። በሥራችን ሰው የማያውቅብን አንድ ነገር አለ፦ ፍሬም ሠሪ ወረቀቱን አያነብም። ዳር ዳሩን ነው የሚያየው። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ጥጉ መታጠፍ አለመታጠፉን። ጽሑፉ ለእኛ እንደ አበባ ጌጥ ነው።

ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ፣ በቀልድ ታላቄ ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳው አልፎ እኔ ዘንድ ይገባል። ጠዋት ያ ድምፅ ሲጀምር መጋዜን አነሳለሁ፤ ሲያቆም ምሳ ደረሰ እላለሁ። ሰዓት ገዝቼ አላውቅም።

አንድ ዝናባማ ቀን፣ ገና ረፋዱ ላይ ድምፁ ቀጥ አለ። ግር ብሎኝ ብቅ ስል፣ ጎረቤቴ ከሱቁ ደጃፍ የአሸንዳውን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ውሃው ትከሻው ላይ ይወርዳል፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። በዚያው ቅጽበት የእህቴ ልጅ ዣንጥላዋን ዘርግታ በመንገዱ ስታልፍ አየችው። ይቺ ልጅ እኔው ያሳደግኋት ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለችው ዣንጥላውን ወደ እሱ እያስጠጋች።

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። ቱቦው እንዳይወድቅ ደግፌው ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ግራና ቀኝ ይዘን ወደ እኔ ሱቅ አስገባነውና ወንበር ላይ አስቀመጥነው። መቀመጡ ብቻ ስንት ጊዜ ፈጀ! ፊቱ የመስታወት አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ወገቤ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ሳምንቱ። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ እግሬ ወርዶ፣ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል። ግን ግድ የለም፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገላገላለሁ። ወርቅ እጅ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ።»

«ወርቅ እጅ ማን ነው?» አለች የእህቴ ልጅ።

«አታውቂውም? ከሰፈሩ ማዶ፣ ፎቁ ላይ ወገብ የሚያሸው። ነጭ ጋውን የሚለብሰው። አጥንት ቀጭ ያደርግና ሰውየው ብድግ ብሎ ይሄዳል ይሉታል።»

«የት ነው የተማረው?»

«እጁ ነው የተማረው፤ ስሙ ራሱ ይናገር የለ! አንድ ደላላ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በዓይናቸው ያዩ ናቸው የነገሩኝ።»

«ጎንበስ ብለው ገብተው ብሶባቸው የወጡትስ አባባ? የእነሱን ወሬ ማን ይነግርዎታል? እነሱ መንገድ ላይ አይገኙም፤ ቤታቸው ተኝተዋል።»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺን ልጅ ምን እያበላህ ነው ያሳደግኻት? አፏ መቀስ ሆነሳ!» አለኝ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፦

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሱፍ ስሰፋ አንድም ሰው ‹ወረቀትህን አሳየኝ› ብሎኝ አያውቅም። ሥራዬን ያያል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። ባለሙያ የሚታወቀው በእጁ ነው።»

«እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሱፍ ሲበላሽብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እተረትረዋለሁ፤ እንደገና እሰፋዋለሁ።»

«ወገብስ ይተረተራል አባባ?»

ወገቡን በመዳፉ ዳሰሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«እኔ በእጅ አይታከሙ አላልኩም። በእጅ የሚያክሙ፣ ለዚሁ ብለው ዓመታት የተማሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የሙያ ፈቃድ ቁጥር አላቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስልክ አለው። የሰውየውን ሙሉ ስም ብቻ ያግኙልኝ፤ እኔ ደውዬ አጣራለሁ። ምን ተማረ፣ ፈቃዱ አለ ወይስ የለም፣ ጊዜው አልፎበታል ወይስ አላለፈበትም፤ ይሄው ነው። ደግሞ እግር መደንዘዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪም ሳያየው ማንም እንዳይነካዎት።»

«ሰውየውን እንደ ሌባ ላስጣራው? ነውር ነው! ሊያድነኝ እጁን የሚዘረጋን ሰው ‹አንተ ማን ነህ› እለዋለሁ?»

«ያወቀበት ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም። የሚቆጣ ካለ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።»

ልጆቼ፣ ጎረቤቴ እዚህ ላይ መለስ ማለት ጀምሮ ነበር። ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«ወረቀት አለው እኮ!» አልኩ መጋዜን አስቀምጬ። «በገዛ እጄ ነው ፍሬም ያደረግኩለት።»

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይላል?»

«አርባ ሁለት በሠላሳ ነው።»

«አጎቴ፣ ምን ይላል ነው ያልኩህ።»

«ዳሩ ወርቅማ ነው። ማኅተሙ ክብ፣ ትልቅ፣ ከግርጌ በስተቀኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ተራ ወረቀት አይደለም።»

«አላነበብከውም» አለች።

እፍረት ሰውን ምን እንደሚያናግረው ታውቃላችሁ። «የትናንት ልጅ፣ እኔን ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። እሷም ሥራ ረፍዶባት ነበርና ዣንጥላዋን ለጎረቤቴ ትታለት፣ ራሷን በመሐረብ ሸፍና ወጣች። ጎረቤቴም እጄን ያዘና፣ «አንተ ካየኸው ለእኔ ይበቃኛል» አለኝ።

ይቺ ቃል ዛሬም ትከብደኛለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግፌ ወሰድኩት። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው። የዘይት ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። እኔ ከወዲህ ቀረሁ፤ ከራሴ በላይ የእኔው ፍሬም ተሰቅሏል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ምን አየሁ መሰላችሁ? ጥጎቹን! እንዳጋጠምኳቸው ነበሩ፣ ስንጥቅ አልገባባቸውም። ደስ አለኝ። መስታወቱን በእጅጌዬ ወልውዬ ተቀመጥኩ።

ከመጋረጃው ወዲያ ወርቅ እጅ አንዲት ጥያቄ ብቻ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ «የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ። እግሬንም ይደነዝዘኛል፤ ጣቶቼን . . .»

«እሱ ከዚሁ ጋር ይለቃል። በደረትህ ተኛ። ትንፋሽህን ያዝ።»

አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ሰውየው በጉልበቱ ጀርባው ላይ ወጥቶበታል። ከዚያ ጎረቤቴ ጮኸ። ያን ያህል ዘመን ግድግዳ ስንጋራ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

«አለቀ፣ ተነስ!» አለ ወርቅ እጅ።

መጋረጃው ተገፍቶ ጎረቤቴ ወጣ። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ አልታዘዝ ብሎት ጫማው ወለሉን ጥፍ፣ ጥፍ ያደርጋል። እሱም እንደ ሌላ ሰው እግር ቁልቁል ያየዋል።

«ነገ ይተወዋል» አለ ወርቅ እጅ እጁን በፎጣ እየጠረገ።

ያኔ ነው መነጽሬን ያወጣሁት። ወደ ፍሬሙ ዞሬ ቃሉን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ። ለመታሻ ዘይት ሻጮች በተዘጋጀ የሦስት ቀን የሽያጭ ሥልጠና ላይ ስለ ተሳተፉ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ይላል። ወገብ የሚል የለበትም። አጥንት የሚል የለበትም። ሕክምና የሚል የለበትም። ዘይት መሸጥ ነው!

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ወረቀት ነዋ» አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ፍሬሙን የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

የጎረቤቴን ክንድ ትከሻዬ ላይ ጭኜ ደረጃውን አወረድኩትና የእህቴን ልጅ አስጠራኋት።

የእህቴ ልጅ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል አደረሰችው። «ብዬ ነበር» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ምነው ባወጣችው እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ሐኪሙ የወገቡን የኤምአርአይ ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ፣ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቩን እንደ ተጫነው አሳየን። ሐቀኛ ሰው ነበር። «ያለዚህ እሽታም ሊብስበት ይችል ነበር፤ በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም። ግን እግሩ የደነዘዘን ሰው ወገብ እንዲህ መጫን አይገባም ነበር። የተማረ ሰው ቢሆን ገና ሲሰማ እጁን ሰብስቦ ወደ እኛ ይልከው ነበር» አለን።

ኦፕራሲዮን ሆነ። ብዙ ሳምንት ተኛ። በግድግዳው በኩል ምንም ድምፅ አይመጣም፤ እኔም ምሳ መቼ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሆስፒታሉ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ በእጅና በእንቅስቃሴ ወደሚታከምበት፣ መራው። እኔና የእህቴ ልጅ አብረነው ገባን። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ጎረቤቴ ገና ከመቀመጡ፣ «ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ የሙያ ፈቃድሽን ልይ?» አላት። ያኔ ‹ነውር ነው› ያለው ሰው! እሷ ግን ፈገግ ብላ ደረቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ አወለቀችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ይጠይቁ እንጂ አባባ። ቁጥሩ ይሄ ነው። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ አለ፤ ጊዜው የሚያልቅበት ቀንም ተጽፎበታል።»

ከግድግዳው ሥር ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ከላይ እስከ ግርጌ። ቀስ ብዬ ነው፤ ማንም አላጣደፈኝም።

ከዚያ እሷ መጠየቅ ጀመረች። መቼ ጀመረ? ወድቀው ያውቃሉ? የትኛው ጣት ነው የሚደነዝዘው? ሽንት ይቸግርዎታል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? እንዲህ ብትጠይቅ ብትጠይቅ ጎረቤቴ፣ «ልታክሚኝ ነው ወይስ ልትድሪኝ?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው። እጇ ወገቡን የነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር፤ እሱንም ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ነግራው፣ «ካመመዎት አቁሚ ይበሉኝ፣ አቆማለሁ» ብላው።

ስንወጣ ጎረቤቴ ምርኩዙን ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ለካ ሕክምናው ከጥያቄው ነው የሚጀምረው» አለ። «ያ ሰው አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። እኔም እሱን ምንም አልጠየቅኩትም። ተያይዘን ዝም ተባባልን።»

«መጠየቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው አባባ» አለች የእህቴ ልጅ። «ፈቃድ ያለው ሰውም ይሳሳታል፤ አይሳሳትም አልልዎትም። ግን ማድረግ የሌለበትን ተምሯል። የማይችለውን ለሚችል ያስተላልፋል። ቢያጠፋም ስሙ የተመዘገበበት፣ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት አለ። ያኛው ሰው ግን ማን ዘንድ ይጠየቃል?»

ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው የተኛሁት» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። እንዲያው ልክ የልብስ ልኬት እንደሚናገር ነው ያለው። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ይቅርም አለኝ። ይቅርታው ግን እግሩን አላነሳለትም።

ዛሬ ይሄዳል፤ በምርኩዝ። ቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል አይረግጥም፤ በግራው ይሞክራል። ስሙት . . . ይጀምራል፣ ያቆማል። ይጀምራል፣ ያቆማል። ሱፍ ትቷል፤ ሱሪ ማሳጠር ነው ሥራው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳላነብ መስታወት የማለብሰው ወረቀት የለም። ባለቤቱ ቢቸኩልም ይቆማል፤ ቃል በቃል አነብለታለሁ።

የእህቴ ልጅ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አመልክታ ሰዎቹ መጥተው ክፍሉን ሲያሽጉት፣ ወርቅ እጅ አስቀድሞ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል። አልጋውን ወስዷል። መጋረጃውን ወስዷል። ፍሬሙንም ወስዶታል። እኔ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት ልጆቼ፤ ጥጎቹ አይከፈቱም፣ ዕድሜ ልክ ይቆያል። አሁን አንድ ቦታ፣ የማላውቀው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል። ከሥሩ ወገቡን የያዘ ሰው ተቀምጦ፣ ወርቅማውን ዳር እያየ «አይ፣ ይሄስ የተማረ ነው» ይል ይሆናል።

ያ ሰው እናንተ እንዳትሆኑብኝ። አንድ ቀን ወገባችሁ ቢይዛችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩት፤ ሰው በደረት ሲተኛ አያየውም። መነጽር የሚያሻችሁ መነጽራችሁን አድርጉ፣ ማንበብ ያልሆነላችሁ ሰው አስነብቡ፣ ስሙንና ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ። ማፈር ቢመጣባችሁ ያንን ጫማ፣ ጥፍ ጥፍ የሚለውን፣ አስቡልኝ። ሌላ የምለምናችሁ የለኝም፤ ይቺን ብቻ አትርሱብኝ።