ግድግዳ የሌለው የጠበቃ ቢሮ

የጠበቃዬን ስልጣኔ ልንገራችሁ። ሐይቅ ከተማ ያለውን ቢሮውን አሳምሮ ቆየኝ። ድሮ በር ዘግተን የምንነጋገርባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አሁን ግድግዳው ሁሉ ፈርሶ አምስት ጠበቃ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከቦ ባለጉዳይ ያነጋግራል። «እማማ፣ ዘመኑ የግልጽነት ነው፤ እየተመካከርን ነው የምንሠራው» አለኝ እየተኩራራ። የንስሐ አባቴ ቢሮም በርም የላቸውም፤ ግን ሲያናዝዙኝ ከሰው ለይተው ዛፍ ሥር ይወስዱኛል። ይሁን ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ምስጢሬን ነገርኩት። በጦርነቱ ስንሸሽ የመሬት ደብተሬ ከነቤቱ ተቃጥሏል። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም አራጌ መሬቴን ያልደፈረው ደብተሩ በእጄ ያለ መስሎት ነው። እሱ ሳይነቃብኝ ጠበቃዬ ምትክ ደብተር እንዲያስወጣልኝ ነበር የሄድኩት።

«የመሬት ደብተሩ ተቃጥሏል ነው የሚሉኝ?» አለ ጠበቃዬ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ።

ከጠረጴዛው ማዶ፣ ሌላ ጠበቃ ፊት የተቀመጠ ሰው ቀና አለ። አራጌ ነው። «ውይ እታለም! ተቃጠለ እንዴ? ምነው ሳትነግሪኝ?» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። መሬቴን ሊጠይቅ ወደ ቀበሌ መሄዱ መሆኑን ለመገመት መማር አያሻም።

ጠበቃዬ «አይዞዎት፣ አምስታችንም እንመክርበታለን» አለኝ።

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። «ልጄ፣ የእኔን ግድግዳ ያፈረሰው ጦርነት ነው። እናንተ ግን ሠራተኛ ቀጥራችሁ፣ ከፍላችሁ አፈረሳችሁት» ብዬው ወጣሁ።