የማስቲካ ወረቀትና የአቶ ገብረ መድኅን ባትሪ

አቶ ገብረ መድኅን ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ባስ ሲጠብቁ ደረት ኪሳቸው ሞቃቸው። መጀመሪያ ፀሐይ መሰላቸው፤ በየካቲት፣ ለንደን ውስጥ። ኋላ ግን ፀሐይ በአንድ ኪስ ብቻ እንደማትወጣ ትዝ አላቸውና እጃቸውን ሰደዱ። የወጣው ቬፓቸው፣ በሲጋራ ፋንታ የሚስቧት ባለ ባትሪዋ ማጨሻ፣ ነበር፤ ለመያዝ እንኳ ያቃጥላል።

"ጋሼ፣ ምነው ጣትዎን የሚያራግፉ?" ያለቻቸው በዚያ ስታልፍ ያየቻቸው ብፅዓት ናት። የማኅበርተኛቸው የእህተማርያም ልጅ ስትሆን፣ ኤሌክትሪክ ተምራ ዌምብሊ በሚሠሩት ፎቆች ሽቦ ትዘረጋለች።

"ይቺን ትኩሳት ያዛት።"

"ከኪስዎ ያርቋት! እዚያ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጧትና ፈቀቅ ይበሉ።"

ፈቀቅ አሉ። ባሱ መጣ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ድንጋይ ከሩቅ ሲያዩ አየና ሄደ። አቶ ገብረ መድኅን ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ከቀትር በኋላ በፈረንጆቹ ሦስት ከሩብ የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ዝማሬን ከትምህርት ቤት መውሰድ አለባቸው። ልጃቸው ሰናይት ቃሏን ሰጥታለች፦ "አባዬ፣ ኮትህ ሲጋራ የሸተተኝ ቀን ዝማሬን ማምጣቱ ይቀራል።" የአርባ ዓመት ሲጋራቸውን ትተው ዘጠኝ ወር የዘለቁት በዚህች ዕቃ ነው።

ዕቃዋ ስትበርድ ብፅዓት የሥራ ጓንቷን አጥልቃ ከፈተቻት።

"ጋሼ፣ ይሄ የማስቲካ ወረቀት ነው?"

"ነው። የኔ ባትሪ ሞተና ጓደኛዬ ዐቢይ አንድ ሰጠኝ። ቀጠን፣ አጠር ያለ ነው፤ ሲንቀጫቀጭብኝ በብልጭልጩ ጠቀለልኩት። ትንሽም አናቱ ላይ ሸጎጥኩ። ራዲዮናችን በዚህ ስንት ዘመን ተናግሯል! ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ወረቀት ሸጉጠን! አንድም ቀን አላቃጠለኝም።"

"የራዲዮኑ ቢቆጣም አቅም የለው። ይሄ ሌላ ዘር ነው። እስቲ ቁጥሩን ያንብቡት።"

"አሥራ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ። የኔው ሃያ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ነበር። ማዕረጉ ዝቅ ቢል ነው እንጂ ያው ባትሪ ነው።"

"ማዕረግ አይደለም፣ ልክ ነው። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ውፍረቱ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ቁመቱ፣ በሚሊሜትር። ይሄ አሥራ ስምንት በስልሳ አምስት፤ ማደሪያው ሃያ አንድ በሰባ።"

"ታዲያ ትንሽ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ወንበሩ ይቃጠላል?"

"እንዳይንሸራተት ብለው በጎንና በጎኑ ጩቤ ቢሰኩለትስ?"

የተማረ ሰው በምሳሌ ሲጠየቅ ወደ ሚሊሜትር ይሸሻል ብለው ነበር፤ ይቺ ግን ወደ ጩቤ ሄደች። ነገሩ የገባቸው መሰላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ጩቤው የቱ እንደሆነ ጠፋባቸው።

"ጩቤው የታለ?"

"ወረቀቱ ነዋ! ብልጭልጩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የባትሪው አናት ፖዘቲቭ፣ ገላው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። የሚለያያቸው ይቺ ስስ ልባስ ናት፤ ይኸው፣ እዚህ ጋ ተቀድዳለች። ወረቀቱ አናቱን ከገላው ካገናኘው ያለ የሌለ ኃይሉን በአንዴ ይለቃል።"

"እና?"

"እና ይፈነዳል፣ ጋሼ። ደረትዎ ላይ።"

ደረታቸውን ዳሰሱ። ዝማሬ መንገድ ሲያደክማት አቅፈው ይወስዷታል፤ ጭንቅላቷን የምታሳርፈው እዚሁ ኪስ ላይ ነው።

"እሺ ልጄ፣ ልጣላት። ከዚያስ? ሲጋራ ልግዛ?" ከመንገዱ ማዶ ሱቁ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

"ማን ጣሏት አለዎት? የእርስዎን አውቃታለሁ፤ ሁለቱንም ልክ ትቀበላለች። ግን ትንሹ ባትሪ የሚገባው አብሯት የመጣውን የፕላስቲክ እጅጌ ለብሶ ነው። የት አደረጉት?"

"ያ ቱቦ?" አቶ ገብረ መድኅን መሬት መሬት አዩ። "ዝማሬ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ አድርጋዋለች።"

ብፅዓት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምክሯን ቀጠለች። የተቀደደው ባትሪ ከእንግዲህ አያገለግልም፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም፤ ጫፎቹን በቴፕ ሸፍና ለሪሳይክሊንግ ልትወስደው ተቀበለቻቸው። አዲሱን ከቬፕ ሱቅ፣ ዕቃዋን ቼክ አስደርገው ይግዙ። ትርፉ ባትሪ በራሱ ሳጥን ይቀመጥ፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይሰንብት።

"ቁልፍም ጩቤ ነው?"

"ቁልፍም ጩቤ ነው።"

"ኪሴ ለካ የጦር ግምጃ ቤት ኖሯል" አሉና፣ ባሱ ስላመለጣቸው፣ በሱቁ ፊት ማስቲካቸውን እያኘኩ በእግራቸው ገሰገሱ። ሦስት ከሩብ ሲል የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበሩ። ማታ ሰናይት ኮታቸውን አሸተተች፤ የማስቲካው ሚንት ብቻ ነበር።

ልክን ማወቅ ያስከብራል ይባላል፤ የባትሪን ልክ ማወቅ ደግሞ የልጅ ልጅን ጭንቅላት ካሳረፈችበት ቦታ በሰላም ያነሳል። አቶ ገብረ መድኅን ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አልነኩም፤ ዐቢይንም ሚሊሜትር አስተምረውታል። ለምን ሃያ አንድ ሺህ እንደሚባል ግን እስካሁን ግልጽ አልሆነላቸውም።

እጅጌውን ለማስመለስ ከዝማሬ ጋር ረጅም ድርድር ተደርጓል። አሻንጉሊቷ አሁን የማስቲካ ወረቀት ለብሳለች፤ በጣምም አምሮባታል።