ከውርጌሳ ቪዲዮ ቤት ስለተሰረቀው የግራፊክስ ካርድ ወ/ሮ ታደለች ዓለምነህ የሰጡት ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ታደለች ዓለምነህ ይመር
ዕድሜ፦ 49
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል
ሥራ፦ የፍራፍሬ ችርቻሮ ንግድ
አድራሻ፦ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት፣ መርሳ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረ/ሳጅን ገበየሁ መኮንን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር በመርሳ መናኸሪያ በር ላይ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን በመሸጥ የምተዳደር ስሆን፣ ተጠርጣሪውን ይታገሱን የማኅበር እህቴ የወ/ሮ ዘነበች ልጅ በመሆኑ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የግል ተበዳይ የሆነውን አቶ ዓሪፍ ኑርሁሴንን ግን ከግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በፊት አይቼው አላውቅም። ከሁለቱም ጋር ጠብ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ጠብ ቢኖረኝማ ይቀለኝ ነበር።

ስለ ካርዱ ብቻ እንዳስረዳ ቢነገረኝም ከካርዱ በፊት ልጄ ስላለ ከእሱ እንድጀምር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ልጄ ፍቅሩ ዕድሜው 27 ሲሆን በደሴ ወልድያ መስመር አይሱዙ ያሽከረክር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቁሟል። ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ለጌም መጫወቻ ብሎ የገዛው ኮምፒውተር ስለነበረው አልጋው አጠገብ አቅርበንለት የከባድ መኪና መንዳት የሚባለውን ጌም ይጫወት ነበር። ጨዋታ ማለቴ ለቃሉ ያህል ነው። ዳገት ሲወጣ ትከሻው ሁሉ አብሮ ይወጣል። ባለፈው ጥር ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ዕቃ ተቃጥሎ ኮምፒውተሩ የተያያዘበት ቴሌቪዥን ጨለመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍቅሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ጠጣ ሲሉት ይጠጣል፣ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረውም። እኔ ደግሞ ዝምታ የማልችል ሰው ነኝ። ለግድግዳው ሳወራ ከረምኩ።

በፋሲካ ማግስት ፊቱን ሳያዞር «እማ፣ ካርድ ቢገኝ» አለኝ። ደግሞ እንዲናገር ብዬ አልሰማሁም አልኩት። «ካርድ» አለ። «የምን ካርድ?» አልኩት፣ ሦስተኛ እንዲጨምርልኝ። እዚያ ላይ ተናዶ ዞረ። ሲናደድልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይህ ለምርመራው አይጠቅምም ቢባልም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

በእጄ የነበረው ለጣሪያ ቆርቆሮ መቀየሪያ ብዬ ያስቀመጥኩት የዕቁብ ገንዘብ ብቻ ስለነበር በእሱ የሚገዛ ካርድ መምረጥ ነበረብን። ፍቅሩ ካልጋው ሆኖ መራኝ። የኮምፒውተሩ ፓወር ሳፕላይ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ መብራት የሚበላ ካርድ እንዳላመጣ፣ ካመጣሁ መኪናው መሐል ዳገት ላይ ድርግም እንደሚል ነገረኝ። ከአራት ጊጋ በላይ እንዲሆን፣ ርዝመቱም ከሳጥኑ እንዳያልፍ አስጠነቀቀኝ። ማስመሪያ ስላልነበረን የሳጥኑን ውስጥ በልብስ መስፊያ ክር ለክቼ ጫፍና ጫፉን ቋጠርኩ። «ከክሩ ከበለጠ በነፃም ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ» አለኝ።

ሚያዝያ 25 ቀን ቅዳሜ በሚኒባስ ወልድያ ሄጄ ኤደን የምትባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ካርድ አቀረበችልኝ። አንዱ አዲስ ሆኖ ባለ አራት ጊጋ ነው። ዋጋው ለእጄ የሚመች ቢሆንም ፍቅሩ በስልክ «ተዪው እማ፣ በእሱ ከተነዳ መኪናው ቀድሞ ይደርስና መንገዱ በኋላ ይመጣል» አለኝ። ሁለተኛው ያገለገለ ባለ ስምንት ጊጋ ሲሆን ዋጋው አልቀመስ አለ፣ በክሩም ስለካው በሁለት ጣት በለጠ። ማንጎ ስመርጥ እንደማደርገው ካርዱን በእንብርቱ በኩል አሸተትኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ። ኤደንም እየሳቀች «እትዬ፣ ገና አልበሰለም?» አለችኝ። «ይሄማ በስሎ አልፏል፣ የተቃጠለ ይሸታል» አልኳት። ስንለያይ ከሱቅ ውጪ አሮጌ ዕቃ ከገዛሁ ሻጩን ዋስ እንዳስጠራና የመታወቂያውን ኮፒ እንድይዝ መክራኛለች። አልሰማሁም አልልም፣ ሰምቻለሁ።

ባዶ እጄን ወደ ባጃጅ ተራ ስሄድ ይታገሱ አግኝቶኝ አቅፎ ሳመኝ። የመጣሁበትን ስነግረው «እማ ታደለች፣ እኔ እያለሁ ለዚህ ትንከራተቻለሽ?» ብሎ እዚያው እንድቆይ አድርጎኝ ሄዶ አንድ ካርድ በጥቁር ፌስታል ይዞ ተመለሰ። ባለ ስድስት ጊጋ ነው። ክሩን ዘረጋሁበት፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ልክክ አለ። አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ወደ ኤደን ሱቅ ይዘነው ገብተን ሰክታ ስትሞክረው ምስሉ እንደ ውኃ ጠርቶ ወጣ፣ መብራትም ብዙ አይጠጣም አለችኝ። ከዚያ ጎንተል አድርጋኝ «ዋሱስ?» አለች። ይታገሱ ሰምቷት ሳቀና «ከማኅበር ልጅ ዋስ ልትጠይቂ ነው? በይ እናቴን ልጥራልሽ? ሚካኤልን እልሻለሁ የራሴ ዕቃ ነው» አለኝ። ከወ/ሮ ዘነበች ጋር በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ ስንጠጣ ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው። ከአንድ ጽዋ አብራኝ የምትጠጣን እናት ልጅ ዋስ ጥራ ብለው በማግሥቱ መርሳ ይሰማዋል፣ እኔም ከማኅበሩ በየትኛው ፊቴ እቀመጣለሁ? አፈርኩ። ከፍዬ ካርዱን ወሰድኩ። ከፍዬም አልቀረሁ፣ ቆሜ መረቅኩት።

ካርዱ የስርቆት መሆኑን ታውቂ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላውቅም ነበር ብያለሁ።

በዚያው ምሽት ፍቅሩ እየነገረኝ እኔ ብሎኑን እያሰርኩ ካርዱን ገጠምነው። ምስሉ እንደመጣ ክላክስ አደረገና «ወልድያ፣ ወልድያ፣ የሞላ! እማ ነይ፣ ጋቢና ባዶ ነው» አለ። በርጩማ ስቤ አጠገቡ ጋቢና ገባሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ አብሬው ያልሄድኩበት አገር የለም፣ በረዶ ያለበት ሁሉ አለ። ቀስ በል ስለው «ተሳፋሪ ሾፌር አያናግርም» ይለኛል። ግንቦት 12 ቀን በማኅበሩ ላይ ለወ/ሮ ዘነበች የመረጥኩትን ማንጎ በዘንቢል ወስጄላት «የወለድሽው ልጅ ልጄን አነሣልኝ» ብዬ በሰው ፊት ጉልበቷን ስሜአለሁ። እሷም በደስታ አለቀሰች።

ግንቦት 19 ቀን ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት ገደማ ከውርጌሳ የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አንድ ወጣት ወርዶ ማንጎ ይመርጥ ጀመር። እኔ ያን ሰሞን ለፓፓያ ገዢም ለብርቱካን ገዢም የማወራው አንድ ወሬ ነበር። «የኔ ልጅ እኮ እንግሊዝ አገር ድረስ ጭነት ያደርሳል» አልኩት። «ማሻ አላህ፣ ሾፌር ነው?» አለኝ። «በኮምፒውተር። ባለ ስድስት ጊጋ ካርድ መርጬ ገዝቼለት! ሁለት ማራገቢያ አለው። የአንዱ ክንፍ ጫፉ ስለተሸረፈ ሲዞር እንደ ንብ እዝዝ ይላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው» አልኩት። ሰውየው የያዘውን ማንጎ መልሶ አስቀመጠ። «እትዬ፣ ጎኑን ሒና የነካው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንተ! እንዴት አወቅህ? እኔ ዝገት መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ስፈትገው የዋልኩትን!» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «የልጄ እጅ ነው። ለኢድ የተቀባችው ሳይደርቅ ነክታው ነው» አለኝ።

ይህ ሰው አቶ ዓሪፍ ሲሆን በውርጌሳ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸና እያቀናበረ የሚኖር መሆኑን፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ቤቱ ተሰብሮ ኮምፒውተሩ ከነካርዱ እንደተወሰደበትና ለፖሊስ እንዳመለከተ ያን ጊዜ ነገረኝ። የሚኒባሱ ረዳት ሊነሡ ነው ግባ እያለ ይጠራው ነበር። ሌላ ካርድ ይሆናል ብዬው ቢሆን ይሳፈር ነበር። ነገር ግን ሳቄ ከፊቴ ሳይወርድ ነው እውነቱ የገባኝ፣ መዋሸት አልመጣልኝም። ዘንቢሌን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ስንገባ ፍቅሩ ዳገት እየወጣ ነበር። ሳይዞር «እማ፣ ማነው? ተሳፋሪ ከሆነ ይግባ» አለ። ዓሪፍ ጫማውን አውልቆ እኔ የምቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዘንብሎ «ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ አይደል?» አለው። የፍቅሩ እጅ ቆመ። «ያንተ ነው?» አለው። «የኔ ነው።» ዓሪፍ «ግዴለም፣ ጭነትህን አድርስ፣ አልቸኩልም» አለው። ፍቅሩ እስከሚደርስበት ነዳ። መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። የትኛውን ብሎን መጀመሪያ እንደምፈታ ነገረኝ። ካርዱ ከሳጥኑ ሲወጣ ቀስ ብሎ «ወራጅ አለ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዓሪፍ «አብሽር ወንድሜ» አለው።

ካርዱን በሻሼ ጠቅልዬ ከዓሪፍ ጋር በእግራችን ወደዚህ ጽ/ቤት አምጥተን አስረክበናል። በመንገድ ላይ ቀን እሱ እንዲሠራበት፣ ማታ ፍቅሩ እንዲነዳበት ብንሞክርስ ተባብለን ነበር። ከውርጌሳ መርሳ በየቀኑ ማን ያመላልሰዋል? ቪዲዮአቸው ያላለቀላቸው ሙሽሮች እቤቱ ድረስ እየመጡ ሠርጋችን የት ደረሰ እንደሚሉት አጫውቶኛል። እንደደረስን ክሱ ይቅርልኝ፣ ካርዱን ብቻ ስጡኝ ብሎ ጠይቋል። የስርቆት ክስ በእሱ ፈቃድ እንደማይቋረጥ፣ ካርዱም ፍርድ ቤት እስኪወስን በኤግዚቢትነት እንደሚቀመጥ ተነግሮናል። እስከ መቼ ብለን ስንጠይቅ ይህን ያህል ጊዜ ማለት እንደማይቻል ተገልጾልናል። ስለዚህ ካርዱ ለእሱም አልሆነ፣ ለእኔም አልሆነ።

ይታገሱ ካርዱን ከየት እንዳገኘው የማውቀው የለም። ሸጦልኛል፣ በሚካኤል ምሎልኛል። ይህንኑ በፍርድ ቤት ፊቱን እያየሁ እናገራለሁ። የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። ወ/ሮ ዘነበች ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ብትመጣ ምን እንደምላት ሳስብ ሌሊቱ ነጋብኝ።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ ሁለት ነገር ብያለሁ። አንደኛ፣ ክረምት እየመጣ ስለሆነ ካርዱ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዳይቀመጥና ከላዩ ዕቃ እንዳይጫንበት፣ ሻሹም አብሮት እንዲቆይ ጠይቄአለሁ። ሁለተኛ፣ የሳጥኑን ልክ የያዝኩበትን ባለ ሁለት ቋጠሮ ክር ከጉያዬ አውጥቼ ይህም ኤግዚቢት ከሆነ ውሰዱት ብዬ አቅርቤአለሁ። ለምርመራው እንደማያስፈልግ ተነግሮኝ ተመልሶልኛል። ምን ላድርገው ብዬ ጠይቄአለሁ።

ከላይ የተጻፈው በመርማሪው ተነቦልኝ አድምጬዋለሁ። የሳቅሁበት ጭምር እንደተናገርኩት የሰፈረ፣ ያልጨመርኩበትና ያላጎደልኩበት እውነት ስለሆነ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ታደለች ዓለምነህ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ገበየሁ መኮንን