መልስ የማይጠብቀው ሬዲዮ

ቆቦ ላይ ሬዲዮ እሸጣለሁ። "ተበላሸ" ብሎ የሚመልስልኝ ሞልቷል፤ "ባለጌ ነው" ብለው የመለሱልኝ ግን ከሮቢት ከተማ የሚመጡት እማማ ዘሀራ ብቻ ናቸው። ራሴ የመረጥኩላቸውን አዲስ ዲጂታል ሬዲዮ ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረጉት።

"ምን አደረገዎት፣ እማማ?"

"ድምፁስ ጥርት ያለ ነው። 'ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ዋላችሁ?' ይልና መልሴን ሳይሰማ ወደ ወሬው ይገባል። ሰው ጠይቆ ጥሎ ይሄዳል እንዴ?"

ሳቄ መጣ። "እሱ እኮ እርስዎን አይሰማም" ልላቸው አፌን ስከፍት፣ "አባወራዬ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ እሱ ነው" አሉኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

ስልኬን አወጣሁና ያንኑ ጣቢያ በኢንተርኔት ከፍቼ፣ ተቀድቶ የተቀመጠውን የትናንቱን ፕሮግራም አስጀመርኩት። ጋዜጠኛው "እንደምን ዋላችሁ?" ከማለቱ ነካ አድርጌ አቆምኩት።

"በሉ፣ ይመልሱለት።"

እማማ ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ስልኩን እያዩ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ? ዝናቡ ዘነበላችሁ? ማሽላው ለእሸት ደረሰ?" አሉት። በእኛ አገር ሰላምታ ከብቱና ማሽላው ካልተጠየቀ ሰላምታ አይባልም። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ።

ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ፤ "አሁን ይቀጥል።"

ነካሁት። ጋዜጠኛው ወሬውን ጀመረ። እማማ ዘሀራ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አየህ ልጄ፣ ሰውዬውስ ጨዋ ነው። የሚያጣድፈው ሳጥኑ ኖሯል።"