ለጣልያኑ የተቀቀለ ንፍሮ

ይህን ለባሌም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም። በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ሜዳ ላይ ሸራ ተወጥሮ ሲኒማ ይታይ ነበር፤ ሰፈርተኛው ወጥቶ እንዲያይ ይታዘዛል። አንድ ምሽት ሸራው ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰገነት ላይ ቆሞ ደረቱን እየደቃ ይጮኻል። ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ጎሸም አደረጉኝና "አንቺ የተማርሽው፣ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። የተማርኩት ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣልያንኛ አልሰማም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት አፈርኩና "እናቱ ሞተውበት ነው" አልኩ።

"እኔን ይድፋኝ! እኔስ ምን አስጮኸው ብዬ!" እማማ ደረታቸውን ሲመቱ ሴቱ ሁሉ ተቀብሎ አለቀሰ። "እናቱ ከሞተች አገሩ ተቀምጦ አያለቅስም? እኛ ጋ ምን አመጣው?" ያሉት አባቴ ብቻ ነበሩ። ሲኒማውን ያመጣው መኮንን ግን ንግግሩ አንጀታችንን የበላው መስሎት አጨበጨበልን።

በማግስቱ ጠዋት እማማ የለቅሶ ንፍሮ ቀቅለው፣ ሴቶቹን አስከትለው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው የሰውዬውን ወገኖች ሊያጽናኑ ጣልያኖቹ ካምፕ ድረስ ሄዱ። ውሸቴ ከታወቀ መታሰሬ ነው። መኮንኑ በፈረንሳይኛ "ይህ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ንግግሩን ስለወደዱት ያመጡት ስጦታ ነው" አልኩት። ደስ ብሎት እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ቃመና ሳቀ።

"አይ የፈረንጅ ነገር፣ በሐዘን ይስቃል!" አሉ እማማ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ከሁሉም በላይ አለቀስኩ።